ከ2 ናኖሜትር በኋላ፦ የቺፕ ዕድገት ወዴት እየሄደ ነው?

የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ 2 ናኖሜትር የሚባለውን የቺፕ ትውልድ በ2025 መጨረሻ ላይ በብዛት ማምረት ጀመረ። ከዜናው ጋር ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ "ከ2 በኋላ 1 ነው፣ ከ1 በኋላ ምንም የለም፣ ስለዚህ ነገሩ አበቃ" ይላል። ሌላው ቁጥሩ በየጥቂት ዓመቱ ሲወርድ እያየ ዕድገቱ መቼም አይቆምም ብሎ ይተማመናል። ሁለቱም የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ቁጥሩን እንደ ርዝመት ያነቡታል።

ትራንዚስተር ምን ያህል ሊያንስ ይችላል የሚለው ዋናው ጥያቄ መሆኑ ከቀረ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዛሬ መሐንዲሶችን እንቅልፍ የሚነሳው ሌላ ነው። አንድ ስሌት ስንት ኤሌክትሪክ ይፈጃል? ሙቀቱስ በየት ይወጣል? የማይክሮና የናኖ ኤሌክትሮኒክስን መጪ ጊዜ ለመረዳት ከዚህ መነሳት ይሻላል።

## ቁጥሩ የሚለካው ምኑን ነው?

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። ትራንዚስተር የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። "ጌት" የሚባለው ክፍሉ ቮልቴጅ ሲያገኝ ኤሌክትሪክ በውስጡ ያልፋል፤ ቮልቴጁ ሲነሳ ይቆማል። ኮምፒውተር የሚሠራው ስሌት ሁሉ በዚህ መብራትና መጥፋት የሚከናወን ነው። ቺፕ ማለት በአንዲት የሲሊከን ቁራጭ ላይ የተቀረጹ ትራንዚስተሮችና የሚያገናኟቸው ሽቦዎች ናቸው። የእነዚህ ክፍሎች መጠን በማይክሮሜትር፣ ማለትም በሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ በሚለካበት ዘመን ማይክሮ ኤሌክትሮኒክስ ተባለ። ከ100 ናኖሜትር በታች ሲወርድ ናኖ ኤሌክትሮኒክስ የሚለው ስም መጣ። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው።

እስከ 1990ዎቹ ድረስ የትውልዱ ስም እውነተኛ ልኬት ነበር። የጌቱን ርዝመት ወይም በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ያሳይ ነበር። ከዚያ በኋላ ስሙና ልኬቱ ተለያዩ። 2 ናኖሜትር በሚባለው ትውልድ ከአንዱ ትራንዚስተር ጌት እስከ ቀጣዩ ጌት ያለው ርቀት ከ40 ናኖሜትር በላይ ነው። የጌቱ ርዝመት ራሱ ከ10 ናኖሜትር ይበልጣል። በቺፑ ላይ 2 ናኖሜትር ሆኖ ስሙን የሰጠው ክፍል የለም። ቁጥሩ የሚነግረን ይህ ትውልድ ካለፈው የተሻለ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ከ1 በታች ሲደርሱም አምራቾች ስም አያጡም። የአሜሪካው ቺፕ አምራች ኢንቴል ከወዲሁ ናኖሜትርን ትቶ በአንግስትሮም ስም መስጠት ጀምሯል። አንግስትሮም የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው። የኩባንያው 18ኤ ትውልድ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ይህ ማለት ግን ግድግዳ የለም ማለት አይደለም። በሲሊከን ክሪስታል ውስጥ አቶሞቹ ተደርድረው የሚደጋገሙበት ርቀት 0.54 ናኖሜትር ነው። አሁን በትራንዚስተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ስስ የሲሊከን ንጣፎች ውፍረታቸው 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ይህ ጥቂት ደርዘን የአቶም ንብርብር ብቻ ነው። ግድግዳው ሩቅ አይደለም። ኢንዱስትሪው ግን እዚያ ከመድረሱ በፊት ሌላ ግድግዳ ገጭቷል።

## ያለቀው የቱ ነው?

በኋላ ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩ ክፍሎች ብዛት በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ገመተ። በ1975 ግምቱን ወደ ሁለት ዓመት አስተካከለው። የሙር ሕግ የሚባለው ይህ ነው። ሕግ ይባል እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። መላው ኢንዱስትሪ እንደ ቀጠሮ የያዘው ግብ ነው። ግቡም ሠርቷል። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ቺፕ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። የአሜሪካው ኤንቪዲያ በ2024 ያስተዋወቀው ብላክዌል የተባለ ቺፕ 208 ቢሊዮን አለው።

ከሙር ጀርባ ግን ብዙም የማይወራለት ሌላ ሰው አለ። የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ከባልደረቦቹ ጋር በ1974 አንድ ነገር አሳየ። ትራንዚስተሩ ሲያንስ ቮልቴጁንም በዚያው ልክ መቀነስ ይቻላል። እንዲህ ከተደረገ በአንድ ስፋት ላይ ሁለት እጥፍ ትራንዚስተር ቢታጨቅም የሚፈጀው ኤሌክትሪክ አይጨምርም። ፍጥነቱ ደግሞ ይጨምራል። ኢንዱስትሪው ለሠላሳ ዓመት ያህል የኖረው በዚህ ነው። ማሳነስ ብቻውን ቺፑን ፈጣንም፣ ቀዝቃዛም፣ ርካሽም ያደርገው ነበር።

ያለቀው ይኸው ነው። ምክንያቱም ፊዚክስ ነው። በተለመደው ትራንዚስተር ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ በክፍል ሙቀት የጌቱን ቮልቴጅ ቢያንስ በ60 ሚሊቮልት፣ ማለትም በቮልት 60 ሺህኛ፣ መቀነስ ያስፈልጋል። የትኛውም የማምረቻ ብልሃት ከዚህ በታች አያወርደውም። ቮልቴጁ በጣም ከተቀነሰ ማብሪያው በደንብ አይዘጋም፤ ተዘግቷል በተባለበት ሰዓት ያፈሳል። ቢሊዮን ትራንዚስተር እያንዳንዱ ጥቂት ቢያፈስ ቺፑ ሥራ ፈትቶም ይግላል። በዚህ የተነሳ ከ5 ቮልት ወደ 1 ቮልት አካባቢ በፍጥነት የወረደው የቺፕ ቮልቴጅ እዚያ ላይ ተንቀራፈፈ። ዛሬም ከ0.7 ቮልት ብዙ አልራቀም።

ውጤቱን በፍጥነት ቁጥር ማየት ይቻላል። በ1990 ጥሩ የሚባል የግል ኮምፒውተር ፕሮሰሰር፣ ማለትም ዋናው የስሌት ቺፕ፣ 33 ሜጋኸርትዝ ነበር፤ በሰከንድ 33 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው። በ2004 የኢንቴል ፔንቲየም 4 ወደ 3.8 ጊጋኸርትዝ፣ ማለትም በሰከንድ 3.8 ቢሊዮን ምት፣ ደረሰ። በ14 ዓመት ከመቶ እጥፍ በላይ አደገ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሊያወጣው ያሰበውን ባለ 4 ጊጋኸርትዝ ቺፕ ሰረዘ። ፊቱንም በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ፕሮሰሰር ወደ መደርደር አዞረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሃያ ዓመታት ለገበያ የሚቀርቡት ፈጣኖቹ ቺፖች 6 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ናቸው። እጥፍ እንኳ አልሆነም።

የሙር ሕግ ሞቷል ወይስ አልሞተም የሚለው ክርክር መያዣ መጨበጫ የሚያጣው ለዚህ ነው። የኤንቪዲያው ጄንሰን ሁዋንግ በ2022 ሞቷል አለ። በወቅቱ ኢንቴልን ይመራ የነበረው ፓት ጌልሲንገር በሕይወት አለ አለ። ሁለቱም የሚሸጡት ነገር አላቸው፤ የሚቆጥሩትም የተለያየ ነው። የትራንዚስተሩን ብዛት ብቻ ለሚቆጥር ሕጉ እየተጎተተም ቢሆን ይሄዳል። በተመሳሳይ ዋጋና በተመሳሳይ ኤሌክትሪክ እጥፍ አቅም ለሚጠብቅ ግን ከቆመ ቆይቷል። ለተጠቃሚው የሚሰማው ሁለተኛው ስለሆነ ክብደት የሚሰጠውም ለእሱ ነው።

## ፍሳሹን ለመግታት

ማብሪያውን በደንብ ለመዝጋት ሁለት መንገድ ተሞክሯል፦ የሚሠራበትን ነገር መለወጥና ቅርጹን መለወጥ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጌቱን ከሲሊከኑ የሚለየው የኦክሳይድ ሽፋን 1.2 ናኖሜትር ደርሶ ነበር። ይህን ያህል ሲሳሳ ኤሌክትሮኖች ሽፋኑን ሾልከው ያልፋሉ። ኳንተም ተነሊንግ የሚባለው ክስተት ይህ ነው። ኤሌክትሮን ልትሻገረው የማይገባትን ግንብ ትሻገራለች። ኢንቴል በ2007 ሽፋኑን ሃፍኒየም ከሚባል ብረት ውህድ በተሠራ ወፍራም ሽፋን ተካው። ችግሩ ለጊዜው ተገታ።

ቀጥሎ ቅርጹ ተለወጠ። ኢንቴል ከ2011 ጀምሮ ጠፍጣፋውን ትራንዚስተር ወደ ላይ አቁሞ ጌቱ በሦስት ጎን እንዲይዘው አደረገ። ይህ ፊንፌት ይባላል። ሳምሰንግ በ2022 ጌቱ በአራቱም ጎን የሚከብበውን ትራንዚስተር ማምረት ጀመረ። የቲኤስኤምሲ 2 ናኖሜትርም ሆነ የኢንቴል 18ኤ ይህንኑ ቅርጽ ነው የሚከተሉት። እንግዲህ አዲሱን ትውልድ አዲስ ያሰኘው ቅርጹ ነው። ቁጥሩ የመጣው በኋላ ነው። ኢንቴል በተጨማሪ ኤሌክትሪክ የሚያመጡትን ሽቦዎች ከቺፑ ጀርባ አዙሯቸዋል። እስካሁን መረጃ የሚያመላልሱትም ኤሌክትሪክ የሚያመጡትም ሽቦዎች በአንድ ፊት ተጨናንቀው ነበር። ከዚህ በኋላ በምርምር ላይ ያለው በጥንድ የሚሠሩትን ሁለቱን የትራንዚስተር ዓይነቶች (አንዱ ቮልቴጅ ሲያገኝ፣ ሌላው ሲያጣ የሚበራ) ጎን ለጎን ማስቀመጥ ቀርቶ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ነው።

## የብርሃን ማሽኑ

ቺፕ የሚቀረጸው በብርሃን ነው። ንድፉ ያለበት ብርሃን ለብርሃን በሚሰማ ሽፋን ላይ ያርፋል፤ ያረፈበትና ያላረፈበት ቦታ ተለይቶ ይቦረቦራል። ሥራው ሊቶግራፊ ይባላል። ደቃቅ ነገር ለመሳል አጭር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ይፈለጋል። ለብዙ ዓመታት የሠራው 193 ናኖሜትር ሞገድ ያለው ብርሃን ነበር። አሁን ለረቀቁት ክፍሎች የሚሠራው 13.5 ናኖሜትር ነው። ኤክስትሪም አልትራቫዮሌት ይባላል።

ይህን ብርሃን የሚያመነጭ የሊቶግራፊ ማሽን ለገበያ የሚያቀርበው በዓለም ላይ አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፦ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል። አሠራሩ ለማመን ያስቸግራል። የቀለጠ ቆርቆሮ በሰከንድ 50,000 ጊዜ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። እያንዳንዷ ጠብታ ከሰው ፀጉር ትቀጥናለች። ሌዘር በመጀመሪያ ምት ጠብታዋን ያሳሳታል፤ በሁለተኛው ያተናታል። ከሚፈጠረው የጋለ ፕላዝማ ብርሃኑ ይወጣል። ይህን ብርሃን አየርም መስታወትም ይውጠዋል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው፤ በሌንስ ፈንታም ብርሃኑን የሚያንፀባርቅ መስተዋት ያገለግላል። መስተዋቶቹን የሚሠራው የጀርመኑ ዛይስ ነው። እያንዳንዱ መስተዋት ከሚደርሰው ብርሃን ሲሶ ያህሉን ይውጣል። አሥር ያህል መስተዋት አልፎ ቺፑ ላይ የሚያርፈው ጥቂት በመቶው ብቻ ነው።

አዲሱ የማሽኑ ዓይነት ይበልጥ የረቀቀ መስመር ይስላል። ዋጋው 350 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። የመጀመሪያው በ2023 መጨረሻ ወደ ኢንቴል ተላከ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን በአንድ ጊዜ የሚስለው ስፋት በግማሽ መቀነሱን ነው። እስካሁን አንድ ቺፕ ሊሰፋ የሚችለው እስከ 858 ካሬ ሚሊሜትር ነበር፤ በአዲሱ ማሽን በአንድ ምት 429 ብቻ ይሆናል። ብዙ ትራንዚስተር እንዲያስገኝ የተሠራ ማሽን ትልቅ ቺፕ መሥራትን አከበደ። ኢንዱስትሪው ወደ ቀጣዩ መንገድ እንዲገባ ከሚገፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

## ማሳነስ ሲከብድ መገጣጠም

መንገዱ አንድ ትልቅ ቺፕ ከመሥራት ትንንሾችን ሠርቶ ማገጣጠም ነው። ትንንሾቹ ቺፕሌት ይባላሉ። ጥቅሙ ብዙ ነው። በትልቅ ቺፕ ላይ አንዲት ጉድለት ሙሉውን ታስጥላለች፤ በትንሹ ላይ ብትገኝ የሚጣለው ትንሹ ነው። ሁሉንም ክፍል ውድ በሆነው ትውልድ መሥራትም አያስፈልግም። የአሜሪካው ኤኤምዲ ኩባንያ በ2019 ባወጣው የሰርቨር ፕሮሰሰር የሚያሰላውን ክፍል በ7 ናኖሜትር፣ መረጃ የሚያስገባና የሚያስወጣውን ደግሞ በአሮጌው 14 ናኖሜትር ሠርቶ አንድ ላይ ገጠማቸው። ከላይ የተጠቀሰው ብላክዌልም ሁለት ቺፖች ተጣብቀው እንደ አንድ የሚሠሩበት ነው።

አሮጌውን ከአዲሱ ማቀላቀል ቁጠባ ብቻ አይደለም። ሁሉም ክፍል እኩል አያንስም። ኤስራም የሚባለው፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ቺፕ ላይ የሚቀመጠው ፈጣን ሚሞሪ፣ ማነሱን ሊያቆም ተቃርቧል። ቲኤስኤምሲ ከ5 ናኖሜትር ወደ 3 ናኖሜትር ሲሸጋገር ብዙ ደንበኞች በያዙት የ3 ናኖሜትር ዓይነት ላይ የኤስራሙ ስፋት በ5 ናኖሜትሩ ላይ የነበረው ራሱ ነው። ደንበኛው ለአዲሱ ትውልድ የበለጠ ከፍሎ ሚሞሪው ግን ያንኑ ቦታ ይይዛል።

የሚሞሪ ነገር ከዚህም ይከፋል። ዛሬ ኤሌክትሪኩን የሚፈጀው መደመርና ማባዛቱ ሳይሆን ቁጥሮቹን ከሚሞሪ ማመላለሱ ነው። ከዋናው ሚሞሪ አንድ ቁጥር ማምጣት ቁጥሩን ከመደመር በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች እጥፍ የበለጠ ኃይል ይወስዳል። ለእያንዳንዷ ቅመም ገበያ የሚመላለስ ምግብ አብሳይ እጁ የቱንም ያህል ቢፈጥን ጊዜውም ጉልበቱም የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው። ሰው ሰራሽ አስተውሎት ይህን አባብሶታል። ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች እያንዳንዱን ቃል ለማውጣት እጅግ ብዙ ቁጥሮችን ከሚሞሪ ማንበብ አለባቸው። ስለዚህ የሚሞሪ ቺፖችን እንደ ፎቅ ደራርቦ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ማስቀመጥ የዘመኑ ዋና ሥራ ሆኗል። በኤሌክትሪክ ፈንታ በብርሃን መረጃ ማመላለስም ከላቦራቶሪ እየወጣ ነው።

መደራረቡ ግን የራሱ ዋጋ አለው። በመሃል ያለው ቺፕ ሙቀቱን የሚያወጣበት መንገድ ያጣል። በፈሳሽ ማቀዝቀዝ በትልልቅ የመረጃ ማዕከላት እየተለመደ የመጣው ለዚህ ነው። ፎቁ ምን ያህል ይረዝማል የሚለውን የሚወስነው ከእንግዲህ ሙቀቱ ነው።

## ሲሊከንን የሚተካ አለ?

በየጊዜው "ሲሊከን ሊሰናበት ነው" የሚል ዜና ይወጣል። በጥንቃቄ ማንበብ ይበጃል። ግራፊን፣ ማለትም አንድ የአቶም ውፍረት ብቻ ያለው ካርቦን፣ በ2004 ተለይቶ ሲወጣ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ኤሌክትሮን እንደ ልቧ ትፈጥንበታለች። ችግሩ ከእሱ የተሠራ ማብሪያ አለመዘጋቱ ነው። የማይዘጋ ማብሪያ ደግሞ ለስሌት አይሆንም። በ2019 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ካርቦን ናኖቲዩብ ከሚባሉ እጅግ ቀጫጭን የካርቦን ቱቦዎች የተሠሩ ከ14,000 በላይ ትራንዚስተሮች ያሉት ፕሮሰሰር ሠሩ። በ2025 ደግሞ የቻይናው ፉዳን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ከሚባል ስስ ቁስ 5,900 ትራንዚስተሮች ያሉት ፕሮሰሰር አሳዩ። ሁለቱም ትልቅ ሥራዎች ናቸው። ከ208 ቢሊዮን ጋር ሲተያዩ ግን ርቀቱ ግልጽ ነው። እነዚህ ቁሶች ከመጡ ሲሊከኑ ላይ ተደርበው ይመጣሉ ብሎ መጠበቅ ይቀላል። ሲሊከንን ነቅለው ይተካሉ ማለት ይከብዳል።

በአንድ ዘርፍ ግን መተካቱ አሁን እየሆነ ነው። ስሌት ሳይሆን ከፍተኛ ኤሌክትሪክ በሚቆጣጠሩ ቺፖች ላይ ሲሊከን ካርባይድና ጋሊየም ናይትራይድ ቦታ እየያዙ ነው። ከሲሊከን በላይ ቮልቴጅና ሙቀት ይችላሉ፤ የሚያባክኑት ኃይልም ያነሰ ነው። ትንንሾቹ ፈጣን የስልክ ቻርጀሮችና የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚጠቀሙት እነሱን ነው። ወሬው ያነሰ፣ ጥቅሙ ግን የቀረበ ለውጥ ነው።

## ጥቂቶች እጅ ላይ መውደቁ

እያንዳንዱ ትውልድ ካለፈው ይወደዳል። ዘመናዊ ፋብሪካ ለማቆም በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ስለዚህ በውድድሩ ግንባር የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ቲኤስኤምሲ፣ ሳምሰንግና ኢንቴል። የዓለም ረቂቅ ቺፖች አብዛኞቹ የሚወጡት ከታይዋን ነው። መንግሥታት የተደናገጡት ለዚህ ነው። አሜሪካ በ2022 ለቺፕ ኢንዱስትሪ 52.7 ቢሊዮን ዶላር የመደበ ሕግ አወጣች፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ደግሞ ረቂቅ ቺፖችና ማሽኖች ወደ ቻይና እንዳይሄዱ ገደበች። ቻይና በ2023 ለቺፕ ሥራ የሚውሉትን ጋሊየምና ጀርማኒየም የተባሉ ቁሶች ወደ ውጭ መላክን በፈቃድ አደረገች።

እገዳው ይሠራል ወይ በሚለው ላይ አስተያየቱ የተለያየ ነው። ደጋፊዎቹ ያለ ኤኤስኤምኤል የኤክስትሪም አልትራቫዮሌት ማሽን ወደ ፊት መሄድ እጅግ ውድ መሆኑን ያነሳሉ። ተቃዋሚዎቹ በ2023 የወጣውን የሁዋዌ ስልክ ይጠቅሳሉ። ቺፑ በ7 ናኖሜትር ደረጃ በቻይና የተሠራ ነበር፤ በአሮጌው ብርሃን ደጋግሞ በመሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እገዳው አዘገየ፣ አላቆመም። ቻይና የራሷን ማሽን እንድትሠራም ምክንያት ሰጣት።

በዚህ ሁሉ ግርግር የሚረሳ ነገር አለ። በ2021 የመኪና ፋብሪካዎችን ያስቆመው እጥረት በአብዛኛው የረቂቅ ቺፕ እጥረት አልነበረም። የጎደሉት 40 ናኖሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ዋጋቸው ጥቂት ዶላር የሆነ ተራ ቺፖች ነበሩ። ፍሬን፣ መስኮትና ሞተር የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ለ2 ናኖሜትር ፋብሪካ ገንዘብ የሚያፈስ መንግሥት እነዚህን ከዘነጋ ያው እጥረት ተመልሶ ይመጣል።

## ኤሌክትሪኩ

ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንዳሰላው የመረጃ ማዕከላት በ2024 415 ቴራዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ተጠቅመዋል። ይህ የዓለም ፍጆታ 1.5 በመቶ ነው። በ2030 ወደ 945 ሊደርስ እንደሚችል ይገምታል። የዴናርድ ስጦታ ባያልቅ ኖሮ ይህ ቁጥር እጅግ ባነሰ ነበር። አሁን ግን ተጨማሪ ስሌት ማለት ከሞላ ጎደል ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ነው። ቺፕ ገዢዎችም ከፍጥነቱ እኩል በአንድ ዋት ምን ያህል ሥራ ይሠራል ብለው መጠየቅ ጀምረዋል።

ፊዚክስ ግን በሩን አልዘጋም። የፊዚክስ ሊቁ ሮልፍ ላንዳወር በ1961 አንዲት ቢት መረጃ (አንድ 0 ወይም 1) ለመደምሰስ ከምን ያህል ያነሰ ኃይል ሊበቃ እንደማይችል አስልቷል። የዛሬ ትራንዚስተሮች ከዚያ ወለል በላይ ቢያንስ በሺህ እጥፍ ይፈጃሉ። የሰው አእምሮ የሚሠራው በ20 ዋት ገደማ ነው። ኢንቴል በ2024 ያሳየው ሃላ ፖይንት የተባለው ሥርዓት የአእምሮን አሠራር ተከትሎ 1.15 ቢሊዮን ሰው ሠራሽ ነርቮች ይዟል፤ ሚሞሪውና ስሌቱም ጎን ለጎን ናቸው። ከ60 ሚሊቮልቱ ወሰን በታች የሚዘጉ ትራንዚስተሮችም በላቦራቶሪ ታይተዋል። እስካሁን የተቸገሩት ሲበሩ በቂ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ላይ ነው። ይህን የፈታ የምርምር ቡድን ከተገኘ ከ2004 ጀምሮ የቆመው የቮልቴጅ ቁልቁለት እንደገና ይጀምራል። ያኔ የትውልዱ ስም 2 ይሁን 1 የሚያመጣው ልዩነት አይኖርም።